አርናር ጉንላውግሶን፦ ከግብ አዳኝነት እስከ አይስላንድ አሠልጣኝነት

የአይስላንድ እግር ኳስ ሲነሳ ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 ኒስ ላይ እንግሊዝን 2 ለ 1 ረትቶ ያሰናበተው ቡድን ነው። ቀደም ያሉ ተመልካቾች ደግሞ ለቼልሲና ለባርሴሎና የተጫወተውን አይዱር ጉድዮንሰንን አይረሱትም። በጃንዋሪ 2025 ብሔራዊ ቡድኑን የተረከበው አርናር ጉንላውግሶን ግን፣ እሱም በእንግሊዝ ለቦልተንና ለሌስተር የተሰለፈ አጥቂ ሆኖ ሳለ፣ እኛ ዘንድ ስሙ እምብዛም አይነሳም።

የእሱን ጉዞ ለመረዳት የሚያስቸግረው ተጫዋቹና አሠልጣኙ የተለያዩ ሁለት ሰዎች መምሰላቸው ነው። ተጫዋች ሳለ አንድ ቦታ አልረጋም፤ ሆላንድ፣ ጀርመን፣ ፈረንሳይ፣ እንግሊዝ፣ ስኮትላንድ እያለ ዞሯል። አሠልጣኝ ሲሆን ግን አንድ ክለብ ውስጥ ስድስት የውድድር ዘመን ቆይቶ ስድስት ትልልቅ ዋንጫዎች አነሳ። ተሰጥኦው ያው ነው። ልዩነቱን የፈጠረው፣ በእኛ እምነት፣ ያገኘውና ያጣው ጊዜ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ስሙ አንድ ነገር እንበል፤ ለእኛ የሚቀርብ ጉዳይ ነውና። አይስላንዳውያን እንደ እኛ የቤተሰብ ስም የላቸውም ማለት ይቻላል። ጉንላውግሶን ማለት የጉንላውጉር ልጅ ማለት ነው፤ ሰውየው የሚጠራው በራሱ ስም፣ አርናር ተብሎ ነው። አቶ እከሌ ሲባል የአባት ስም እንደማይጠራው ሁሉ፣ እዚያም አሠልጣኙንም ሆነ ጠቅላይ ሚኒስትሩን በመጀመሪያ ስም መጥራት ደንቡ ነው። ስለዚህ ከዚህ በኋላ አርናር እንለዋለን።

በማርች 1973 አክራኔስ ውስጥ ከመንትያ ወንድሙ ከቢያርኪ ጋር ተወለደ። አክራኔስ ከዋና ከተማዋ ሬይክያቪክ ማዶ፣ ከባሕሩ ዳር ያለች የዓሣ አጥማጆች ከተማ ናት፤ ዛሬም ነዋሪዋ 8,000 ገደማ ነው። ከተማዋ ትንሽ ብትሆንም ክለቧ ግን በአገሪቱ ታሪክ ስመ ጥር ከሆኑት አንዱ ነው። በ1992 ከታችኛው ሊግ ባደገበት ዓመት ወዲያውኑ የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆነ፤ የ19 ዓመቱ አርናርም በ15 ግቦች ኮከብ ግብ አግቢ ሆኖ ጨረሰ። የዚያ ጊዜ ሊግ 10 ክለቦችና 18 ጨዋታዎች ብቻ ስለነበሩት 15 ግብ ትንሽ ቁጥር አይደለም። ከዚያ መንትዮቹ አብረው ወደ ሆላንዱ የሮተርዳም ክለብ ፌይኖርድ አቀኑ።

እዚህ ላይ የአይስላንድን የጨዋታ ዘመን ሳንረዳ ወደፊት መሄድ አይቻልም። አብዛኛው አውሮፓ ከኦገስት እስከ ሜይ ሲጫወት፣ አይስላንድ በበረዶውና በጨለማው ምክንያት ከአፕሪል እስከ ኦክቶበር ትጫወታለች። ያኔ ደግሞ ከዚህም ያጠረ ነበር። በመጸው ሊጉ አልቆ የተሸጠ አይስላንዳዊ ወጣት አዲሱ ክለቡ የሚደርሰው ውድድሩ ተጋምሶ፣ ቋሚ አሰላለፉ ተለይቶ ነው። ሰውነቱ ዕረፍት በሚፈልግበት ሰዓት ፉክክር ይጀምራል። ከሰሜን አውሮፓ የሚወጡ ብዙ ተጫዋቾች የመጀመሪያ ዓመታቸውን ተቀያሪ ወንበር ላይ የሚያሳልፉት አንዱ በዚህ ነው፤ አርናርም ሮተርዳም ውስጥ ብዙ አልተሰለፈም።

ያው የዘመን ልዩነት በ1995 ደግሞ ተአምር የሚመስል ቁጥር ሰጠው። ከጀርመኑ ኑርንበርግ ጋር የነበረው ውድድር ሲያልቅ አክራኔስ ገና በሊጉ ውድድር መሐል ነበረች፤ ወደ ቤቱ ተመልሶ 7 ጨዋታ ተጫወተ፣ 15 ግብም አገባ። ሰባት ጨዋታ ብቻ ተጫውቶ የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ። ከዚያ የፈረንሳዩ ሶሾ ወሰደው።

በ1997 ቦልተን በ100,000 ፓውንድ ገዛው። ቦልተን በ1998 በግብ ክፍያ ብቻ ተበልጦ ከፕሪሚየር ሊጉ ወረደ፤ በቀጣዩ ዓመት በሁለተኛው ሊግ አርናር 14 ግብ ካስቆጠረ በኋላ በፌብሩዋሪ 1999 በማርቲን ኦኒል ይሠለጥን የነበረው ሌስተር በ2 ሚሊዮን ፓውንድ ወሰደው። ዋጋው በሁለት ዓመት ሃያ እጥፍ አደገ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ግን ጉዳት ተደራረበበት፤ ለስቶክ ሲቲ በውሰት ተሰጠ፣ ዳንዲ ዩናይትድ ሄደ፣ በመጨረሻም ወደ አገሩ ክለቦች ተመለሰ። ለብሔራዊ ቡድኑ 32 ጊዜ ተሰልፎ 3 ግብ አስቆጥሯል። ለእንደሱ ዓይነት ግብ አዳኝ ይህ ጥቂት ነው።

የመጀመሪያው አሠልጣኝነቱ በድንገት የመጣ ነው። በ2006 አክራኔስ በውድድሩ መሐል አሠልጣኙን ሲያሰናብት፣ ገና የሚጫወቱት መንትዮቹ ቡድኑን በጋራ ተረከቡና ከመውረድ አዳኑት። በ2008 ተመሳሳይ ጥሪ መጣ፤ በዚያኛው ግን አልተሳካላቸውም፣ ክለቡ ወረደ።

የሁለቱ ዓመታት ልዩነት ማንኛውም ክለብ ሊያስብበት የሚገባ ነው። በመሐል ዘመን የሚመጣ አሠልጣኝ የራሱን ተጫዋች አይመርጥም፣ የቅድመ ውድድር ዝግጅት አይኖረውም፣ የሚሠራው በሰው መንፈስ ላይ ብቻ ነው። ቡድኑ አቅም ኖሮት ልቡ ብቻ ከወደቀ መንፈስ ማንሳት ይበቃል። አቅሙ ራሱ ካነሰ ግን አይበቃም። በዚያ ላይ አሠልጣኙ እየተጫወተ ከሆነ ጨዋታውን ከውጭ ሆኖ አያየውም፤ የተከላካይ መስመሩ አምስት ሜትር ወደ ኋላ መንሸራተቱን ከሜዳው ዳር ያለ ሰው ወዲያው ሲያየው፣ ፊት መስመር ላይ ኳስ የሚጠብቅ አጥቂ ላያየው ይችላል።

ከዚያ በኋላ ዋና አሠልጣኝ ሆኖ ለመመለስ አሥር ዓመት ፈጀበት። መጫወቱን ካቆመ በኋላ በኬአር ክለብ፣ ቀጥሎም በሬይክያቪኩ ቪኪንጉር ምክትል አሠልጣኝ ሆነ። ይህ ዝቅ ማለት አይደለም፣ የትምህርቱ አካል ነው። የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር የአሠልጣኝነት ፈቃድ በደረጃ የሚሰጥ ነው፦ ቢ ፈቃድ ቢያንስ 120 ሰዓት፣ ኤ 180 ሰዓት፣ ከፍተኛው ፕሮ ደግሞ 360 ሰዓት ትምህርት ይጠይቃል። ከክፍል ትምህርቱ ጎን ለጎን እጩው በእውነተኛ ቡድን ላይ ሲሠራ ይታያል፤ ልምምድ ያቅዳል፣ ይመራል፣ ይገመገማል። የአይስላንድ ፌዴሬሽን እነዚህን ኮርሶች በአገር ውስጥ በስፋት በመስጠቱ በትናንሽ ከተሞች ሳይቀር ሕፃናትን የሚያሠለጥኑት ፈቃድ ያላቸው፣ ደመወዝ የሚከፈላቸው ሰዎች ናቸው። ሕዝቧ 400,000 ለማይሞላ አገር ከዚህ የበለጠ ጠቃሚ ውሳኔ አልነበረም ብንል አልተጋነነም። በየአካባቢው የተሠሩት ባለጣሪያ ሜዳዎች በረዶውን አሸንፈውላታል፤ በእነዚያ ሜዳዎች ላይ የሚሠራውን ሰው ያፈራው ግን ይህ ትምህርት ነው።

በኦክቶበር 2018 ቪኪንጉር ዋና አሠልጣኝ አደረገው። ክለቡ በ1908 የተመሠረተ ቢሆንም ሊጉን ለመጨረሻ ጊዜ ያሸነፈው በ1991፣ የአገሪቱን ዋንጫ፣ ማለትም ከሊጉ የተለየውን የጥሎ ማለፍ ውድድር፣ ደግሞ በ1971 ነበር። አርናር ኳስን ከኋላ መሥርቶ የሚወጣ፣ ሲነጠቅ ወዲያው ወደፊት ሄዶ የሚጫን ቡድን መሥራት ጀመረ። ወጣቶቹን በሁለት አንጋፋ የመሐል ተከላካዮች ደገፋቸው፤ ሁለቱም፣ ሶልቪ ኦተሰንና ካሪ አርናሶን፣ ለብሔራዊ ቡድን ተጫውተው ከውጭ የተመለሱ ናቸው። በ2019 በሊጉ ሰባተኛ ቢሆኑም በዋንጫው ፍጻሜ ኤፍኤች የተባለውን ክለብ 1 ለምንም አሸንፈው የ48 ዓመት ጥማት ቆረጡ።

2020 ደግሞ ፈተና ሆነ። ከፍ ብሎ የሚከላከል ቡድን ከተከላካዮቹ ጀርባ 40 ሜትር ባዶ ሜዳ ይተዋል። ፊት ያሉት ኳስ የያዘውን ተጋጣሚ ካልተጫኑት፣ አንድ ረጅም ኳስ ይበቃል፤ ዕድሜው የገፋ ተከላካይ ደግሞ ሮጦ መድረስ ሲያቅተው ወይ ይለቃል ወይ ይጎትታል። ይህ ሁሉ በአንድ ቀን የታየው በጁላይ ከኬአር ጋር በተደረገው ጨዋታ ነው፦ ሦስቱም የቪኪንጉር የመሐል ተከላካዮች በቀይ ካርድ ወጡ። ሊጉ በኮቪድ ምክንያት ሳያልቅ ሲቋረጥ ቪኪንጉር ከ12 ክለቦች 10ኛ ነበር።

ብዙ ክለብ እዚህ ላይ አሠልጣኝ ያባርራል። ቪኪንጉር አላባረረም። የጉዞው ሁሉ ቁልፍ ይህ ውሳኔ ነው። ያው አሠልጣኝና ያው ሐሳብ ቀጥሎ፣ አንጋፋዎቹም አብረው ቀሩ። የተለወጠው መጠኑ ነው፤ ቡድኑ ኳስ መያዝን ሳይተው አስፈላጊ ሲሆን ዝቅ ብሎ መከላከል፣ ከቆመ ኳስ ማግባት፣ በጉልበት መፋለም ተማረ። ቆንጆ ለመጫወት ሲል ነጥብ መጣሉን አቆመ ማለት ነው።

በ2021 የመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ቪኪንጉር ሊጉን ለማሸነፍ ከብሬይዳብሊክ ክለብ ጋር ተናንቆ ነበር። ከመጨረሻው በፊት በነበረው ዙር ብሬይዳብሊክ ኤፍኤች ሜዳ ላይ ፍጹም ቅጣት ምት ስቶ 1 ለምንም ተሸነፈ። በዚያው ሰዓት ቪኪንጉር ኬአርን 2 ለ 1 እየመራ ሳለ በባከነ ሰዓት ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠበት፤ ግብ ጠባቂው ኢንግቫር ዮንሶን አዳነው። በመጨረሻው ቀን ሌይክኒርን 2 ለምንም አሸንፈው ከ30 ዓመት በኋላ ሻምፒዮን ሆኑ፤ በኦክቶበርም አክራኔስን፣ የአርናርን የትውልድ ከተማ ክለብ፣ 3 ለምንም ረትተው ዋንጫውን ደገሙ። ካሪና ሶልቪ በዚያው ጫማቸውን ሰቀሉ። ካሪ የክለቡ የእግር ኳስ ዳይሬክተር፣ ሶልቪ የአርናር ረዳት ሆኑ።

ዋንጫውን በ2022 እና በ2023 ደግመው ወሰዱ። የ2020ው የዋንጫ ውድድር ስለተቋረጠ፣ ከ2019 ጀምሮ ፍጻሜ ያገኙት አራት ውድድሮች በሙሉ የቪኪንጉር ናቸው። በ2023 ሊጉንም ጨመሩበት። ከ2022 ጀምሮ የሊጉ አሠራር ተለውጧል፦ 12ቱ ክለቦች 22 ጨዋታ ካደረጉ በኋላ ለሁለት ይከፈላሉ፤ ከላይ ያሉት ስድስቱ እርስ በርስ፣ ከታች ያሉት ስድስቱም እንዲሁ 5 ጨዋታ ይጨምራሉ፤ ድምሩ 27 ነው። ነጥቡ ሳይሰረዝ ይቀጥላል። ስለዚህ ሻምፒዮን ለመሆን በመጨረሻዎቹ አምስት ሳምንታት ከጠንካሮቹ ጋር ብቻ መፋለም ግድ ነው፤ ቀጭን ስብስብ ያለው ቡድን የሚሰበረው እዚህ ላይ ነው።

በ2024 ቪኪንጉርን የገጠመውም ይኸው ነው፤ ለዚህ ምክንያት የሆነው ደግሞ የራሱ ስኬት ነበር። የአውሮፓ ጉዞው እንዲህ ሄደ። ሻምፒዮን ስለሆነ በቻምፒየንስ ሊግ የመጀመሪያ ማጣሪያ ገባ፤ በአየርላንዱ ሻምሮክ ሮቨርስ ከባዶ ለባዶ በኋላ 2 ለ 1 ተሸነፈ። ተሸናፊ ሻምፒዮን የአውሮፓ ክለቦች ሦስተኛ ደረጃ ውድድር ወደሆነው ኮንፈረንስ ሊግ ማጣሪያ ይወርዳል፤ እዚያ የአልባኒያውን ኤግናቲያን በሜዳው 1 ለምንም ተሸንፎ በመልሱ 2 ለምንም አሸነፈ። ከዚያ የኢስቶኒያውን ፍሎራ ታሊንን 1 ለ 1 እና 2 ለ 1፣ የአንዶራውን ሳንታ ኮሎማን 5 ለምንምና ባዶ ለባዶ አድርጎ ወደ ዋናው ውድድር አለፈ። ይህ ብቻ ስምንት ጨዋታ ነው።

ዋናው ውድድር 36 ክለቦች በአንድ ሰንጠረዥ ያሉበት ነው፤ እያንዳንዱ ስድስት ጨዋታ ያደርጋል፣ ከ1 እስከ 8 ያሉት በቀጥታ ያልፋሉ፣ ከ9 እስከ 24 ያሉት የጥሎ ማለፍ ማጣሪያ ይጫወታሉ። ቪኪንጉር በኦሞኒያ 4 ለምንም ተቀጥቶ ጀመረ። ቀጥሎ የቤልጂየሙን ሰርክል ብሩዥን 3 ለ 1 አሸነፈ። ከአንድ ዓመት በፊት ብሬይዳብሊክ በዚሁ ውድድር ስድስቱንም ጨዋታ ተሸንፎ ስለነበር፣ በዚህ ደረጃ ያሸነፈ የመጀመሪያው የአይስላንድ ክለብ ቪኪንጉር ሆነ። ቦራች ባኛ ሉካን 2 ለምንም ረታ፣ ከአርመኑ ኖዋ ባዶ ለባዶ ወጣ፣ በዩርጎርደን 2 ለ 1 ተሸነፈ፣ ከላስክ ጋር 1 ለ 1 ተለያየ። በስምንት ነጥብ 19ኛ ሆኖ አለፈ።

ገንዘቡ የዚህን ትርጉም ያሳያል። ወደ ዋናው ውድድር መግባት ብቻ 3.17 ሚሊዮን ዩሮ ያስገኛል፤ ማሸነፍ 400,000፣ አቻ መውጣት 133,000 ዩሮ ይጨምራል። ሁለት ድልና ሁለት አቻ ሲደመር ከአንድ ሚሊዮን ዩሮ በላይ ነው። ለለንደን ክለብ ይህ የአንድ ተቀያሪ ተጫዋች ደመወዝ ይሆናል፤ በአይስላንድ ግን የአንድን ክለብ ዓመታት ይቀይራል።

ችግሩ መሠረተ ልማቱ ነበር። የቪኪንጉር ሜዳ መሥፈርቱን ስለማያሟላ በብሬይዳብሊክ ሜዳ ተጫወቱ፤ የእሱም የመብራት ኃይል ስለማይበቃ የሰርክል ብሩዥ ጨዋታ በቀን ብርሃን፣ በአገሩ ሰዓት ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሰው ሥራ ላይ እያለ ተጀመረ። በፌብሩዋሪ 2025 ደግሞ፣ አርናር ከሄደ በኋላ፣ ፓናቲናይኮስን በ«ሜዳቸው» ያስተናገዱት ሄልሲንኪ ላይ ነው። 2 ለ 1 አሸንፈው በመልሱ 2 ለምንም ተሸንፈው ወጡ።

የአገር ውስጥ ዋንጫ ሳይቆጠር፣ በ2024 የቪኪንጉር የሊግና የአውሮፓ ጨዋታ 41 ደርሷል። ዋጋው ተከፈለ፦ በዋንጫው ፍጻሜ በኬኤ ክለብ 2 ለምንም፣ ከሰርክል ብሩዥ ድል ሦስት ቀን በኋላ ደግሞ ሊጉን በሚወስነው የመጨረሻ ጨዋታ በሜዳቸው በብሬይዳብሊክ 3 ለምንም ተሸነፉ። ሊጉንም ሆነ የአገሪቱን ዋንጫ ያላሸነፉበት ዓመት ሆነ፤ ይሁንና ፌዴሬሽኑ አርናርን የጠራው ከዚህ ዓመት በኋላ ነው፤ ትክክልም ነበር ብለን እናስባለን። ቪኪንጉርን የተረከበው ሶልቪ ኦተሰን በ2025 ሊጉን መልሶ አምጥቷል።

ብሔራዊ ቡድን ሌላ ሥራ ነው። ክለብ ውስጥ በዓመት ከ200 በላይ ልምምድ ይኖራል። ብሔራዊ ቡድን ግን ሰኞ ይሰበሰባል፣ ሐሙስ ወይም ዓርብ ይጫወታል፤ ከጉዞና ከማገገሚያ የተረፈው ሁለት ወይም ሦስት ልምምድ ነው። አርናር በ2025 በውድድርና በወዳጅነት ያደረገው ጨዋታ በድምሩ 10 ነበር። ከኋላ ኳስ መሥርቶ መውጣት ደግሞ በቃል አይማሩትም፤ ግብ ጠባቂው፣ ሁለቱ የመሐል ተከላካዮችና አማካዩ አንዱ የሌላውን እርምጃ ሳያይ እስኪያውቅ መደጋገም ይፈልጋል።

ይህ በማርች 2025 ከኮሶቮ ጋር በአውሮፓ ብሔራዊ ቡድኖች ሊግ (ኔሽንስ ሊግ) የመለያ ጨዋታ ተጋለጠ። አርናር የ20 ዓመቱን አጥቂ ኦሪ ኦስካርሶንን አምበል አድርጎ ጀመረ። ፕሪሽቲና ላይ 2 ለ 1 ተሸነፉ። የመልሱ ጨዋታ የተካሄደው በስፔኗ ሙርሲያ ነው፤ የሬይክያቪኩ ብሔራዊ ስታዲየም ሣሩ ተነሥቶ፣ ከሥር ማሞቂያ ያለው፣ የተፈጥሮ ሣር ከሰው ሠራሽ ክር ጋር የተሰፋበት ሜዳ እየተሠራ ነበርና። ኦሪ በሁለተኛው ደቂቃ ቢያገባም፣ አማካዩን ስቴፋን ቴይቱርን የመሐል ተከላካይ አድርጎ ያሰለፈው ሙከራ አልሠራም፤ የኮሶቮው ቬዳት ሙሪቂ ሐትሪክ (ሦስት ግብ) ሠራ፣ ከዕረፍት መልስ የገባው አንጋፋው አሮን ጉናርሶንም በቀይ ካርድ ወጣ። 3 ለ 1። በድምር 5 ለ 2 ተሸንፈው ወደ ውድድሩ ሦስተኛ እርከን፣ ወደ ሊግ ሲ፣ ወረዱ።

በ2020 እንደሆነው ሁሉ አሁንም ትዕግሥት ተሰጠው፤ እሱም መጠኑን አስተካከለ። በጁን ግላስጎው ላይ ስኮትላንድን 3 ለ 1 አሸነፈ። በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ አዘርባጃንን 5 ለምንም ረታ፤ ፓሪስ ላይ በፈረንሳይ 2 ለ 1 ሲሸነፍ የአይዱር ልጅ አንድሪ ጉድዮንሰን በመጨረሻ ያገባት የአቻነት ግብ በቪዲዮ ዳኝነት (ቫር) ተሰረዘች። በኦክቶበር ሬይክያቪክ ላይ ከፈረንሳይ ጋር 2 ለ 2 ተለያዩ። ከዚያ ጨዋታ ሦስት ቀን ቀደም ብሎ ግን ከዩክሬን ጋር 3 ለ 1 ተመርተው 3 ለ 3 ካደረሱ በኋላ፣ አቻውን ከመያዝ ይልቅ አራተኛውን ፍለጋ ሄዱና በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ሁለት ተቆጥሮባቸው 5 ለ 3 ተሸነፉ። ያ አንድ ነጥብ ዋጋው በኋላ ታየ።

በኖቬምበር ዋርሶ ላይ ከዩክሬን ጋር ለመጨረሻው ጨዋታ ሲገናኙ ሁለቱም ሰባት ሰባት ነጥብ ነበራቸው፤ በግብ ክፍያ አይስላንድ ስለምትበልጥ አቻ መውጣት ለመለያ ጨዋታው ይበቃት ነበር። ሬይክያቪክ ላይ አቻው ተይዞ ቢሆን ኖሮ ወደ ዋርሶ የሚሄዱት በሦስት ነጥብ መሪነት ነበር። እስከ 83ኛው ደቂቃ ባዶ ለባዶ ቆዩ። ከዚያ ኦሌክሳንደር ዙብኮቭ ከማዕዘን ምት በጭንቅላቱ አገባ፤ አይስላንድ ሁሉን ይዛ ወደፊት ስትወጣ በባከነ ሰዓት ሁለተኛው ተጨመረ፤ ጨዋታውም 2 ለምንም አለቀ።